«ቲቢ የለበትም» ተብሎ የሚደፋው ናሙና

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፤

በ2022 በዓለም ዙሪያ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው በሳንባ ካንሰር መሞቱን ታውቃላችሁ። እኔ ግን ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። እኚህ እናት ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ ነው። ለወራት ሳሉ፣ ከሱ፣ ራጁም ቀኝ ሳንባቸው ላይ ጥላ አሳየ። አክታቸው በጂን ኤክስፐርት፣ ማለትም የቲቢን ጀርም በዘረመሉ በሚለየው መሣሪያ፣ ታይቶ ቲቢ ባይገኝበትም መድኃኒቱ ተጀመረላቸው። ስድስቱን ወር ሳያጓድሉ ዋጡ፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። «ምናልባት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይሆናል» ተባለና ሕክምናው እንደገና ተጀመረ። በመጨረሻ ብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሳንባ ምርመራ፣ ሲደረግላቸው የካንሰር ዕጢ የአየር ቧንቧውን ዘግቶት ነበር፤ የቀዶ ሕክምናው ጊዜ አልፏል። ከሳንባቸው ታጥቦ የወጣው ፈሳሽም «ቲቢ የለበትም» ተብሎ ተደፋ።

ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ያ ፈሳሽ ነው። ሳንባ ከጀርም የጸዳ ነው እየተባልን ተምረን ነበር። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሊዮፖልዶ ሴጋልና ባልደረቦቻቸው በ2018 እና በ2021 ባወጧቸው ጥናቶች ግን፣ የሳንባ ካንሰር ባለባቸው ሰዎች የታችኛው አየር ቧንቧ ውስጥ እንደ ቬይሎኔላና ስትሬፕቶኮከስ ያሉ የአፍ ባክቴሪያዎች በዝተው እንደሚገኙ፣ በአይጦችም ላይ ቬይሎኔላ ዕጢውን እንደሚያፋጥን አሳይተዋል። እርግጥ ይህ ገና የምርመራ ዘዴ አልሆነም፤ መሣሪያው በጉሮሮ ሲያልፍ ምራቅ ይዞ ሊወርድ ይችላል፣ በሳንባ ያለው ባክቴሪያም ጥቂት ስለሆነ የምርመራ ኬሚካሎቹ ብክለት እንኳ ውጤቱን ያዛባል። ሆኖም በሲቲ ስካን ከሚታዩት አጠራጣሪ እባጮች አብዛኞቹ ካንሰር ስላልሆኑ፣ የትኛው ቀድሞ ለናሙና በመርፌ መወጋት እንዳለበት የሚጠቁም ተጨማሪ ምልክት ትልቅ ዋጋ አለው።

ታዲያ ጭስ የጠገበ፣ የቲቢ ጠባሳ ያለበት፣ አንቲባዮቲክ የተደጋገመበት የእኛ ሰው ሳንባ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከተጠናው ጋር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይዟል ብለን በምን ድፍረት እንገምታለን? ሌሎች ለክተው እስኪልኩልን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? የታማሚውን ናሙና እየደፋን «መረጃ የለንም» ማለት ይብቃን!

የምጠይቀው ከባድ አይደለም፦ በታካሚው ፈቃድ፣ ከእያንዳንዱ ብሮንኮስኮፒ ጥቂት ሚሊ ሊትር ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጥ፣ ብክለቱን ለመለየትም ታካሚው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከመሣሪያው ባዶ ማነጻጸሪያ ይወሰድ። የበጀቱ ጉዳይ በከሰዓቱ ውይይት ይነሣል። የፈቃድ ቅጹን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከመድረክ ስወርድ ለየላብራቶሪው ኃላፊ እሰጣለሁ።