ክንዱ የእሱ፣ እግሩ የእሷ?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የሚታገሉ ሁለት እጆች]

ይህ ክርክር ከካፌ አይጠፋም። አንዱ «ሴት ስፖርተኛ የፈለገውን ያህል ብትሠለጥን ተራ ወንድ አትችልም» ይላል። ሌላው «አንተ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ታለከልካለህ!» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። የሚገርመው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከእጅ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀርመን ተመራማሪዎች የመጨበጥ ኃይልን የለኩበት ጥናት ወጣ። ከ1,600 በላይ ወጣት ወንዶች፣ ከ500 በላይ ሴቶችና 60 ሴት ስፖርተኞች መለኪያውን ባላቸው ኃይል ጨበጡ። ስፖርተኞቹ እንደ ዋዛ የሚታዩ አይደሉም። የጁዶና የእጅ ኳስ ምርጦች ናቸው፤ መያዝና መጨበጥ ሥራቸው ነው።

[ምስል፦ ሦስት ቁጥሮች፣ 541፣ 444፣ 329]

ወንዶቹ በአማካይ 541 ኒውተን ጨበጡ። ወደ ኪሎ ስናመጣው 55 ገደማ ነው። ስፖርተኞቹ 444፣ ሌሎቹ ሴቶች 329። ሥልጠናው ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ያም ሆኖ መሀል ላይ ያለውን ወንድ የበለጡት ስፖርተኞች ጥቂት ናቸው። እሱ ደግሞ ለዚህ ብሎ የለፋው ነገር የለም።

ለምን? በጉርምስና ጊዜ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንዱ ሆርሞን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ጡንቻው ይወፍራል፣ አጥንቱ ይረዝማል፣ መዳፉ ይሰፋል። ልዩነቱ በጣም የሚጎላው ከወገብ በላይ ነው፤ ደረት፣ ትከሻ፣ ክንድ። እግር ላይ ይጠባል። ስለዚህ የክንድ ትግል ለሴቷ ከሁሉ የከፋው ሜዳ ነው። ክርክሩ ሁሌ እዚያ ጠረጴዛ ላይ መጀመሩ ራሱ ትንሽ አድልዎ አለበት ባይ ነኝ።

ደግሞም መጨበጥ ሌላ፣ ማንሳት ሌላ። ቻይናዊቷ ሊ ዌንዌን በቶኪዮ ኦሊምፒክ 180 ኪሎ አንስታለች። ሁለት ኩንታል ጤፍ ሊሞላ 20 ኪሎ ነው የቀረው። እሱም በጀርባ መሸከም አይደለም፤ ከመሬት ብድግ አድርጎ ከራስ በላይ ይዞ መቆም ነው። ጂም የሚመላለሱ ጓደኞቼን አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ይችላል የምለው አንድም አልመጣልኝም።

[ምስል፦ የሩጫ መም፣ ንጋት ላይ]

አሁን ወደ እግር። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨረሰች። ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም፣ ነፍስ ይማርና፣ በዚያው ዓመት ቺካጎ ላይ በ2:00:35 ገባ። ልዩነታቸው 11 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነው። ምርጥ ከምርጥ ሲጋጠም ወንዱ ይቀድማል፤ ልቡ ይተልቃል፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም በደሙ ውስጥ ይበዛል። ተራውን ወንድ ግን ከኪፕተም ጋር ምን አገናኘው?

የትዕግስትን ፍጥነት ወደ ትሬድሚል እናምጣው፤ በሰዓት 19.2 ኪሎ ሜትር ነው። መም ላይ ሲሆን 400 ሜትሩ በ75 ሰከንድ። ያንን ዙር ሳታርፍ 105 ጊዜ ደጋግማዋለች፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ግማሽ ዙር ገደማ አለ።

እኔም አንዷን ዙር ሞከርኳት። 75 ሰከንዱ ሲሞላ ገና የመጨረሻው ኩርባ ላይ ነበርኩ። ሰዓት የያዘልኝ ጓደኛዬ ከማዶ ሆኖ «104 ቀረህ፣ በርታ!» አለኝ።