«ሲዲ ነው አካውንት?» የድሮ ጌሞችና አዲሱ ማሽን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው እንግዳችን አዲስ አበባ ውስጥ የጌም ማሽን የሚጠግን ባለሙያ ነው። በስልክም በጽሑፍም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያተኮሩ ነበሩ፦ አዲስ ማሽን ስገዛ የድሮ ጌሞቼ ምን ይሆናሉ?

ከጀሞ፦ ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) አለኝ፤ ወደ ፒኤስ 5 ልቀይር ነው። ጌሞቼ ይሠራሉ?

ይሠራሉ። ሶኒ ፒኤስ 5ን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያወጣ፣ ከ4,000 ከሚበልጡት የፒኤስ 4 ጌሞች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው እንደሚሠራ ተናግሯል። እኔም እምቢ ያለ ጌም የማየው ከስንት አንዴ ነው። የሁለቱም ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል) ኤኤምዲ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ስለሆነ አዲሱ የአሮጌውን ትእዛዝ ያለ አስተርጓሚ ይረዳል። አንዳንዱ ጌም እንዲያውም ያምርበታል፤ የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር ፒኤስ 5 ላይ በሴኮንድ 60 ፍሬም (ምስል) ይሄዳል። ብለድቦርን የሚባለው ጌም ግን ያው 30 ላይ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ፤ ደንበኛ ሁሉ ሱቄ ሲገባ የምጠይቀውን ነው። ጌምህ ሲዲ ነው አካውንት (ከኢንተርኔት በአካውንት የወረደ)? ሲዲ ከሆነ፣ ሲዲ ማስገቢያ ያለውን ፒኤስ 5 ግዛ። ዲጂታል የሚባለው ማስገቢያ የለውም። ስንቱ ሰው በዋጋው ተታሎ ዲጂታሉን ገዝቶ ሲዲዎቹን በፌስታል ይዞልኝ ይመጣል! ምን ላድርግለት? ውዱ ፒኤስ 5 ፕሮ እንኳ ያለ ማስገቢያ ነው የወጣው። ለፕሮና በ2023 ለወጣው ቀጭን ሞዴል ማስገቢያው ለብቻው ይሸጣል፤ መጀመሪያ ሲገጠም ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ከመገናኛ፦ የፒኤስ 3 ሲዲዎችስ?

አይሠሩም፤ የፒኤስ 2ም የፒኤስ 1ም እንደዚያው። ፒኤስ 3 ውስጥ ያለው ሴል የሚባለው ፕሮሰሰር ሶኒ ከቶሺባና ከአይቢኤም ጋር የሠራው፣ ከዛሬዎቹ ጋር የማይመሳሰል ነገር ነው። ለእሱ የተጻፈን ጌም በሌላ ማሽን ማስኬድ ከባድ ሥራ ነው። በ2006 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፒኤስ 3ዎች የፒኤስ 2 ቺፕ ውስጣቸው ስለነበረ የፒኤስ 2 ጌም ያጫውቱ ነበር። ኋላ ወጪ ለመቀነስ ቺፑ ወጣ። ስለዚህ ፒኤስ 3ህን አትሽጠው፤ አቧራውን ብቻ አስጠርግለት።

ከመርካቶ፦ ኮፒ ሲዲ ፒኤስ 5 ላይ ይሠራል?

አይሠራም። ቀጥሉ።

ከአያት፦ ፒኤስ 4 ከነጌሞቹ ገዝቼ ነበር፤ ሻጩ ብዙ ጌም ጭኖልኛል። አሁን ፒኤስ 5 ገዝቼ ሃርድ ዲስኩን ስሰካው ጌሞቹ ይታያሉ፣ ግን ሁሉም ላይ የቁልፍ ምልክት አለ። ሻጩን ብጠይቀው «ለፒኤስ 5 ሌላ አካውንት በርካሽ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ልግዛ?

አትግዛ! ይቺን ጥያቄ በየቀኑ ነው የምሰማት፤ ዛሬ ሬድዮ ላይ ስለሆንኩ በደንብ ልናገራት።

ወንድሜ፣ የገዛኸው ማሽኑን ነው። ጌሞቹን አልገዛህም። ከኢንተርኔት የወረደ ጌም ማሽኑ ላይ ቢቀመጥም ባለቤቱ አካውንቱ ነው። ሻጩ በራሱ አካውንት ጭኖልህ፣ ያንተን ፒኤስ 4 የአካውንቱ ዋና ማሽን አድርጎ አስመዘገበው። በዚህ ምክንያት አንተ በራስህ ስም ገብተህም ትጫወት ነበር። አንድ አካውንት ግን ዋና ማሽን የሚያደርገው አንድ ፒኤስ 4ና አንድ ፒኤስ 5 ብቻ ነው። ፒኤስ 5ህ ሲመጣ ማሽኑ «ይህ ጌም የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ያንተ አይደለም፤ ቆለፈው። ማሽኑም ሃርድ ዲስኩም አልተበላሹም። የተከራየኸውን ቤት የገዛኸው መስሎህ ነው የኖርከው፤ አከራዩ ደግሞ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። እነዚህ ሰዎች አንዱን አካውንት ለአንተም ለሌላውም ይሸጡታል። አንዱን በዋና ማሽንነት ያስመዘግቡታል፣ ሌላውን «በዚህ አካውንት ገብተህ ተጫወት፣ ፓስዎርዱን ግን እንዳትቀይር» ይሉታል። «ፓስዎርድ አትቀይር» ያለህ ሰው የሸጠልህ ነገር የለም፤ አውሶህ ነው። ነገ ከፈለገ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ማሽን ከአካውንቱ ያስወጣል፤ አንተ ደግሞ ስልኩን ስትደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋን ሴትዮ ታዳምጣለህ።

ከዚህ የባሰም አለ። ጌሙ በምን ብር እንደተገዛ ታውቃለህ? በተሰረቀ የባንክ ካርድ ከሆነ ባለካርዱ ለባንኩ አመልክቶ ብሩን ያስመልሳል፤ አካውንቱ ይታገዳል። አንዳንዴ አካውንቱ ብቻ ሳይሆን ማሽኑም ከሶኒ ኔትዎርክ ይታገዳል። ያኔ ማሽኑን ይዘህልኝ ብትመጣ ልከፍተው እችላለሁ፣ ላጸዳው እችላለሁ፤ እገዳውን ግን እኔም አላነሳልህም፣ ከተማው ውስጥ ያለ ማንም ጠጋኝ አያነሳልህም። «አነሳለሁ» የሚልህ ካለ ብርህን ይዘህ ውጣ።

ሰው ለምን ወደዚህ እንደሚሮጥ ይገባኛል። ሶኒ አካውንት ከሚከፍትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የስጦታ ካርድ እንኳ ብትገዛ የካርዱና የአካውንቱ አገር አንድ መሆን አለበት፤ የአሜሪካ ካርድ እንግሊዝ አገር በተከፈተ አካውንት አይገባም። ለዚህ ነው እኔ እስኪሰለቻችሁ ሲዲ፣ ሲዲ የምለው። የፒኤስ 4ና የፒኤስ 5 ሲዲ በአገር አይታሰርም፤ ከዱባይም ይምጣ ከለንደን ይሠራል። ሲሰለችህ ትለዋወጠዋለህ፣ ትሸጠዋለህ። ወደ አዲስ ማሽንም ይዘኸው ትሄዳለህ። ሲዲ ነው አካውንት? አካውንት ካልክ፣ በማን ኢሜይል? በማን ስልክ ቁጥር? መልሱ «የሻጩ» ከሆነ ጌም የለህም።

ከሐዋሳ፦ ሴቭ ያደረግኩት ጨዋታ ከፒኤስ 4 ወደ ፒኤስ 5 ይሻገራል?

ይሻገራል። በዋይፋይ፣ ወይም ፍላሽ ላይ ገልብጠህ። አካውንቱ ግን አንድ መሆን አለበት፤ አሁንም እዚያው ነን። የፒኤስ 4 ጌሞችህን በዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ላይ ጭነህ ከነበረ ዲስኩን ነቅለህ ፒኤስ 5 ላይ ሰካው፤ እንደገና ማውረድ የለም፣ ከዚያው ትጫወታለህ። የፒኤስ 5 ጌም ግን በዩኤስቢ ዲስክ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከዚያ አይጫወትም።

ከባሕር ዳር፦ እኔ ፒኤስ 5 ላይ፣ ጓደኛዬ ፒኤስ 4 ላይ ኤፍሲ 25 (የእግር ኳሱ ጌም) አለን። ኦንላይን መገናኘት አልቻልንም።

የፒኤስ 5ቱና የፒኤስ 4ቱ ኤፍሲ የተለያዩ ጌሞች ናቸው፤ አይገናኙም። አንተ በማሽንህ ላይ የፒኤስ 4ቱን ጫንና ተገናኙ። ከሱቁ በኦንላይን የገዛኸው ከሆነ ሁለቱም አብረው ተሰጥተውሃል። የምትሸነፍ ከሆነ ግን ባትገናኙ ይሻልሃል።

ከአዳማ፦ የኤክስቦክስ 360 ሲዲዎች አሉኝ። አዲሱን ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ልግዛ?

ሲሪስ ኤስ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ሲዲ ማስገቢያ ያለውን ሲሪስ ኤክስ ግዛ፤ እሱም ዲጂታል የሚባል ማስገቢያ የሌለው ዓይነት አለው። ማይክሮሶፍት በዚህ ከሁሉም ይሻላል፤ ከ2001ዱ የመጀመሪያ ኤክስቦክስ ጀምሮ ያሉ የተመረጡ ጌሞችን ያስኬዳል። የተመረጡ ነው ያልኩት፤ ዝርዝሩ ላይ መጨመር በ2021 ቆሟል። የ360ውን ሲዲ ስታስገባ ማሽኑ የጌሙ ባለቤት መሆንህን ብቻ ያይበትና ጌሙን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ዝርዝሩን እይ፣ ኢንተርኔትህንም እይ።

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ እናት፦ ልጄ የኒንቴንዶውን ማሽን ስዊች 2 ግዢልኝ እያለ ነው። የድሮዎቹ ካርዶች ይባክናሉ?

አይባክኑም እናቴ። በሰኔ 2025 የወጣው ስዊች 2 አብዛኛውን የድሮ ስዊች ጌም ከነካርዱ ይቀበላል። የዱሮው ሚሞሪ ካርድ ግን ጌም አይጭንበትም፤ ኤክስፕረስ የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። አዲስ ጌም ሲገዙ ማሸጊያውን ያንብቡ፤ አንዳንዱ ካርድ ውስጡ ጌም የለበትም፣ ከኢንተርኔት ለማውረድ መክፈቻ ብቻ ነው። አካውንቱን በእርስዎ ኢሜይል ይክፈቱት። ትንሽ ልጅም ቤት ካለ አይጨነቁ፣ የስዊች ካርድ ሆን ተብሎ መራራ ነገር ተቀብቷል፤ አንዴ የላሰ አይደግመውም።

ከደብረ ብርሃን፦ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ኤክስቦክስ 360 አመጣልኝ። ሶኬት ላይ ስሰካው ጧ ብሎ ሸተተ። አዳፕተሩን ራሴ ልክፈተው?

እንዳትከፍተው። የአሜሪካው 360 አዳፕተር ላይ «100–127 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል፤ የኛ መብራት 220 ነው። ከውጭ የመጣ ማሽን ሳይሰካ በፊት ጽሑፉ ይነበባል፤ 240 የሚል ከሌለ ትራንስፎርመር ወይም የ220 አዳፕተር ይፈለግለታል። አዳፕተር ውስጥ ያለው ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ እጅህን ይመታሃል። ዩቲዩብ አይተህ እንዳትጀምር። ማሽኑ ራሱ ተርፎ ሊሆን ይችላል፤ አዳፕተሩንም ማሽኑንም ይዘህ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ጋ ሂድ።