የሁለት ዛፍ ነገር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከበርገን በባቡር ለመጣችሁ ደግሞ እጥፍ ምስጋና። ወጥ ሲሠሩ ላመሹት፣ አዳራሹን ላስፈቀዱልን፣ መዝገባችንን ለመረመሩልን፣ ለሁሉም እግዜር ይስጥልን። የዓመቱ ሪፖርት ወንበራችሁ ላይ አለ። የልጆቹ የቅዳሜ አማርኛ አልተቋረጠም፤ እንቁጣጣሽ ተከብሯል፤ ሁለት ሐዘን ላይ ደርሰናል፤ የበጋውን ሽርሽር ዝናብ በላው። የቀረውን አንብቡት።

እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ማኅበራችን ሬዲዮ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያመሰን እሱ ነው።

ይህች እሑድ ማታ የምትደመጥ አንዲት ሰዓት በቀላሉ አልተገኘችም። ኖርዌይ በፈረንጆቹ 2017 የአገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ኤፍኤም ዘግታ ወደ ዲጂታል ስትሻገር፣ ትናንሾቹ የአካባቢ ጣቢያዎች ባሉበት እንዲቀጥሉ ስለተፈቀደ ነው እኛም የተረፍነው። ስቱዲዮው የተውሶ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የሰቀልነው ጋቢ የአንዲት እናታችን ነው፤ እስከ ዛሬ አልመለስንላቸውም። ታክሲ የሚነዱ ልጆቻችን መኪና ውስጥ ከፍተው ሲሰሙት አግኝቻቸው ደረቴ ተነፍቶ ቤቴ ገብቻለሁ።

ያለፈው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሲቃረብ ግን የዝግጅቱ አዘጋጅ የሆነው ወንድማችን፣ ራሱ በአንድ ፓርቲ የዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ እያለ፣ የፓርቲውን ሰው አስቀምጦ አርባ ደቂቃ ሙሉ አነጋገረ። ለሌሎቹ የተረፋቸው የመዝጊያው ዘፈን እስኪገባ ያለችው ጊዜ ናት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራሙ ነደደ። «የፓርቲ ሰው ማይክ አጠገብ አይድረስ» የሚል ፊርማ ተሰበሰበ። መዋጯቸውን የያዙ አሉ። ሰላምታ የተቋረጠባቸው ቤተሰቦችም አሉ።

እኔም ፊርማው ላይ ስሜን ላኖር ምንም አልቀረኝም ነበር። ያስቆመኝ አንድ ሽማግሌ ኖርዌጂያዊ ጎረቤቴ ነው። ዱግናድ በሚሉት የሰፈር የጋራ ሥራ ላይ አብረን የግቢውን ቅጠል እየጠረግን ጉዳዩን አጫወትኩት። ሳቀብኝ። እኛ እኮ የአገሩን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለፖለቲከኛ ስንሰጥ ኖረናል አለኝ።

ቤቴ ገብቼ አነበብኩ። እውነቱን ነው። ከ1981 እስከ 1988 የአገሩን የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ኤንአርኬን፣ የመራው ብያርትማር የርደ የሠራተኞች ፓርቲ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። በ1989 የገባው አይናር ፎርደ ደግሞ የዚያው ፓርቲ ሰው ነው፤ ሁለቱም የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ያውቃሉ። በ2001 ፎርደን የተካው ዮን በርናንደር ደግሞ ከተቃራኒው ወገን፣ ከወግ አጥባቂው ከሆይረ የመጣ ነው። ሦስት ፖለቲከኛ ተከታትሎ!

የፎርደ ነገር ነው ልቤን የያዘው። በ1943 የተወለደ፣ የሶግነፊዮርድ ልጅ ነው፤ አሉሚኒየም የሚቀልጥባት የሆያንገር ሰው። በ1969 ገና በ26 ዓመቱ ፓርላማ ገባ፤ ሃያ ዓመት ተቀመጠ። ከ1981 ጀምሮ የግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ምክትል ሆኖ ፓርቲውን መርቷል። «ሁላችንም ሶሻል ዴሞክራት ነን» የምትለው፣ እዚህ አገር ወዳጅም ጠላትም የሚጠቅሳት አባባል የእሱ ናት። ከዚህ በላይ የፓርቲ ሰው ከየት ይመጣል? ደግሞ የሚጽፈው በኒኖሽክ ነበር፤ ጥቂቱ ሕዝብ በሚጽፍበት ኖርዌጅኛ። ኦስሎ ኖሮ፣ ሥልጣን ይዞ፣ የአገሩን አጻጻፍ አልጣለም። ቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋር አማርኛ መናገር የከበደው ይህን ልብ ይበል።

እና ያ ሰው ኤንአርኬን ያዘ። በ1992 ቲቪ ቱ በማስታወቂያ ገንዘብ ተነስቶ ተፎካካሪ ሲሆንበት ያለ ማስታወቂያ፣ ሕዝቡ በሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ቀጠለ። በ1993 ሬዲዮው በሦስት ተከፍሎ እንደ አዲስ ተደራጀ፤ በ1996 ሁለተኛው የቴሌቪዥን ቻናል ተከፈተ። በ1994 አገሩ አውሮፓ ኅብረት ልግባ አልግባ ብሎ ለሁለት ሲከፈል፣ የቀድሞ አለቃው ግሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና «እንግባ» እያለች ስትቀሰቅስ፣ እሱ የዜናው ቤት አናት ላይ ነበር። ሕዝቡ 52.2 በመቶ ሆኖ እምቢ አለ።

ሐሜት ቀረለት አልልም። ኤንአርኬን «ኤአርኬ» እያሉ የሚያሾፉ ነበሩ፤ የሠራተኞች ፓርቲ ጣቢያ ለማለት። ግን እሱ በ1989 ወደዚያ ሲሻገር የፓርላማ ወንበሩም የፓርቲ ምክትልነቱም አብቅቶ ነበር። እስከ 2001 ሠራ፤ በ2004 በ61 ዓመቱ አረፈ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይሉ የለ እኛ ቤት? ሰውዬው አንዱን ወርዶ ነው ሌላውን የወጣው።

ስለዚህ ፊርማውን አልፈረምኩም። ወንድማችንን ግን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠህ ስለምትሰማኝ ደስ ይለኛል፣ ዕጩ ሆነህ ማይኩን አለመልቀቅህ ልክ አልነበረም። ይህን ለብቻህም ነግሬሃለሁ።

የእኔንም ጥፋት ልናገር። ያ ዝግጅት ሊተላለፍ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ስልክ ደውዬ «ቁረጠው» ብያለሁ። እዚህ አገር ከ1953 ጀምሮ የአዘጋጆች መብትና ግዴታ የሚባል ስምምነት አለ፤ ለሚወጣው ነገር የሚጠየቀው አዘጋጁ ነው፣ ባለቤት እጁን አያስገባም ይላል። ባለቤቱ እኛ ነን፤ ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ። እጄን አስገባሁ። አልቆረጠውም፤ በዚያ እንኳን እሱ ልክ ነበር።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ፊርማ ያሰባሰቡት ወንድሞች የት አሉ? ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ገጽ ሙሉ የሚጽፉት፣ ማኅበሩ ተሸጠ ያሉን፣ ዛሬ አንዳቸውም የሉም። ከኋላ ያለውን ባዶ ወንበር ዞር ብላችሁ እዩት፤ ጠዋት ከልጄ ጋር አንድ በአንድ የዘረጋሁት ነው። መዋጮ በስልክ፣ በቪፕስ፣ ለመላክ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ድጋፍ ስንጠይቅ የሚቆጠርልን የከፈለ አባል እንጂ የተቆጣ አባል አይደለም። እዚህ ወንድሙ ወይ ጓደኛው የሌለ የለምና አድርሱልኝ፤ ቂም የለኝም፣ ቢመጡ ግን በፊታቸውም እለዋለሁ።

አሁን የቀረበላችሁ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ አጭር ነው። ማንም የፓርቲ አባል ሬዲዮውን ማዘጋጀት ይችላል። ዕጩ ከሆነ ወይም የፓርቲ ኃላፊነት ከያዘ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ማይኩን ይለቃል። ሥራ አመራሩም፣ እኔን ጨምሮ፣ ዝግጅት ከመተላለፉ በፊት አይደውልም።

ለማጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ጸሐፊያችን ቆጠራውን ትጀምር። ኩሽና ያላችሁ እናቶችም ውጡ፣ ድምፅ አላችሁ። በሩ አጠገብ የቆማችሁ፣ አይቻችኋለሁ፤ ቡናው ከድምፁ በኋላ ነው።