በብርድ የተራራ ሳይክል ውድድር፦ ጮቄን ላብ ሳያጠልቁ መውጣት

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ብርድ ነው። ስለ ጎጃም ብርድ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ማርቆስ ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት የወጣ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። አሁን ያንን ብርድ ይዛችሁ ወደ ሲናን፣ ወደ ረቡዕ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ፔዳል ምቱ። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ማርቆስ ላይ 12 ዲግሪ ከሆነ፣ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የውርጭ አገር ተክል፣ ያለበት ስትደርሱ 2 ዲግሪ ገደማ ጠብቁ።

ታዲያ ተወዳዳሪ የሚበርደው የት ነው? ዳገቱ ላይ? ዳገቱ ላይማ ያልበዋል። የሚበርደው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ዳገቱ ላይ ያላበው ላብ ነው ቁልቁለቱ ላይ የሚያንዘፈዝፈው። ይህችን ያዙልኝ፤ ዛሬ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

አሁን የምወደው ምሳሌ መጣ። ጋቢ። ቤት ውስጥ ካለ አምጡትና አብረን እንየው። ጠርዙን በሁለት ጣት ይዛችሁ ፈልቅቁት። ድርቦቹ ይለያያሉ አይደል? አራት ድርብ ነው። በድርቡና በድርቡ መካከል ምን አለ? አየር። የሚያሞቃችሁ እሱ ነው፤ የማይንቀሳቀስ፣ ታፍኖ የቆመ አየር። የጥጡ ሥራ ያንን አየር መያዝ ነው። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ጥጥ በአንድ ወፍራም ጨርቅ ቢሠራ እንደ ጋቢ የማያሞቀው። አያቶቻችን ይህንን ያወቁት ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ነው፤ እኔ በዚህ እኮራለሁ።

ግን ያው ጋቢ ዝናብ ሲመታውስ? ይከብዳል፣ ከገላ ጋር ይጣበቃል፣ ይቀዘቅዛል። የአየሩን ቦታ ውሃ ያዘዋ! ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከቆመ አየር ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ያሳልፋል። ውሃው ከሰማይ ይምጣ ከብብታችሁ፣ ለጥጡ ያው ነው። ስለዚህ ከጋቢ ድርቡን ውሰዱ፣ ጥጡን ተዉት። የጥጥ ቲሸርት ለብሳችሁ ጮቄን አትውጡ። አትውጡ!

ከገላ ቀጥሎ ስስና ጠበቅ ያለ ፖሊስተር ወይም ሱፍ። በላዩ እጀ ረጅም ማሊያ። ሦስተኛው ንፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት፤ እሱ ሲነሱ አይለበስም፣ ተጠቅልሎ የኋላ ኪስ ይገባል። መነሻው መስመር ላይ ቆማችሁ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ከሞቃችሁ ልብስ አብዝታችኋል። ከላይ የደረባችሁትን ሹራብ እስከ መጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ለብሳችሁ ቆዩና ለጓደኛ ስጡ። ከዚያ በፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀላል ማርሽ ሰውነት አፍታቱ፤ ግንባራችሁ ወዝ ማለት ሲጀምር በቃ።

ጫፍ ላይ 20 ሰከንድ ቁሙ። አዎ፣ ውድድር ላይ ቁሙ። ጃኬቱን ልበሱ፣ ዚፑን እስከ አንገት ዝጉ። ጃኬት የሌላችሁ ጋዜጣ አጥፋችሁ ከማሊያው ሥር ደረታችሁ ላይ አድርጉ። 2 ዲግሪ አየር ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትወርዱ ቆዳችሁ የሚሰማው ከዜሮ በታች 5 ገደማ ነው። ጓንት ሁለት ያዙ፤ ስሱ ለዳገት፣ ወፍራሙ ሳይረጥብ በፌስታል ተጠቅልሎ ለቁልቁለት። እግር ላይ ከካልሲው በላይ ጣቶቹን ብቻ በፌስታል ሸፍኑ። ሙሉ እግሩን ከሸፈናችሁት ያልበዋል፤ ላብ ምን እንደሚያደርግ ተነጋግረናል። ጫማውን አታጥብቁት፣ ደም ካልዞረ ካልሲ አያድንም።

አሁን አንድ ነገር ላቋርጥ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ጉዳይ አለ፦ «አንድ መለኪያ አረቄ ከመነሳት በፊት ብንወስድ አያሞቅም ወይ?» አያሞቅም። የሚያሞቅ ይመስላል። ለምን ይመስላል? አረቄ ከቆዳ ሥር ያሉትን ደም ሥሮች ይከፍታል። ከውስጥ የነበረው ትኩስ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ ጉንጭ ይግላል፣ ሰውየው «ሞቀኝ» ይላል። ሙቀቱ ግን ወጥቶ ወደ ንፋሱ እየሄደ ነው። ልብና ሳንባ ያሉበት የሰውነት ክፍል ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል፤ መንቀጥቀጥ ደግሞ ሰውነት ሙቀት የሚያመርትበት መንገድ ነው። በዚያ ላይ ሽንት ያበዛል። በዚያ ላይ ፍሬን መያዝ ያለበትን ጣት ያዘገያል፤ ገደል ዳር! «ትንሽ ብቻ» የምትሉም አላችሁ። ትንሹም ሥራው ያው ነው። አረቄውን ለበዓል አቆዩት። ከውድድሩ 2 ሰዓት በፊት ትኩስ አጥሚት፣ ልትነሱ ስትሉ ሻይ በስኳር። እውነተኛው ሙቀት እሱ ነው።

እሺ፣ ወደ ሳይክሉ፤ መሠረቱን ስለምታውቁት ፈጠን ልበል። ጎማ፦ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ 2.3 ኢንች ቱብለስ (የውስጥ ጎማ የሌለው) ከሆነ የንፋሱ ግፊት ከፊት 21፣ ከኋላ 24 ፒኤስአይ መነሻ ይሁናችሁ፤ የውስጥ ጎማ ካለው 4 ጨምሩ። ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ 25 የነፋችሁት፣ ውጭ ዜሮ ላይ ሲያድር ከ2 በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ሳይክሉ ግማሽ ሰዓት ደጅ ከቆመ በኋላ ለኩ። ጫፍ ላይ ግን አትንኩት፤ ከፍታው ላይ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ብርዱ የወሰደውን አብዛኛውን ይመልስላችኋል። አሞርዛተር፦ ዘይቱ ስለሚወፍር ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ የመመለሻውን ማስተካከያ ሁለት ጠቅታ ክፈቱት። ፍሬን፦ የዘይት ከሆነ ስትፈታቱ ደጋግማችሁ ጨብጡት። እጀታውን ወደ መሪው አቅርቡት፣ የደነዘዘ ጣት ሩቅ አይደርስም። ካቴና፦ ውርጩ ረፋድ ላይ ሲቀልጥ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን የእርጥብ አየር ቅባት ቀቡ፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ።

ምግብ። ብርድ ጥሙን ይደብቃል፤ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ሳይጠማችሁም ጠጡ። ከጀርባ የውሃ ቦርሳ በቱቦ የምትጠጡ በውርጭ ጠዋት ከጠጣችሁ በኋላ ውሃውን ወደ ውስጥ መልሳችሁ ንፉት፣ አለበለዚያ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። በሶ በማር ለውሳችሁ በትንንሹ ጠቅልሉ፤ በየ20 ደቂቃው አንድ ጉርሻ። ጾሙ ስለሚገባም በሶ ለሁሉም ይሆናል። ኪስ ሳይሆን ደረት አጠገብ ያዙት፣ ከደረቀ በደነዘዘ መንጋጋ አይታኘክም።

ስትጨርሱ ፎቶው ይቆይ። መጀመሪያ እርጥቡን አውልቁ፣ ደረቅ ልበሱ። ጋቢው አሁን ይምጣ፤ አሁን ቦታው ነው። ሰውየው እየተንቀጠቀጠ ቆይቶ መንቀጥቀጡን ሳይሞቅ ካቆመ፣ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሞቀ ቤት አስገቡትና ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ጭቃ ላይ የፍሬን ሸራ ምን ያህል እንደሚበላ በሚቀጥለው ቪዲዮ እናያለን፤ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ፣ የራሳችሁንም ሸራ አውጥታችሁ ውፍረቱን ለክታችሁ ቆዩኝ።