ካይሮ ያየኋቸው ነገሥታት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ስለሆነ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ካይሮ ደርሼ መጣሁ። አብሮ አደጌ ከባሏ ጋር እዚያ ነው የምትኖረው፣ ማዲ የሚባል ሰፈር። «ነይ እንጂ፣ እስከ መቼ በስልክ!» ስትለኝ ከርማ ዘንድሮ ተነሣሁ። ሽሮና በርበሬ ይዤላት ሄድኩ። የገባሁ ለት ማታ ቡና አፍልታ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስናወራ አመሸን። በማግስቱ ፒራሚድ ትወስደኛለች ስል ቀጥታ ወንዙ ዳር ወሰደችኝ። «ይኸውልሽ፣ የቤታችን ውሃ» አለችኝ። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እኮ እኛ ከተማ ነው፤ ድልድዩን በየቀኑ እንሻገረዋለን። እዚያ ግን ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ፣ ሰፊና ዝግ ያለ ሆኖ ሳገኘው እንባዬ መጣ። ስለ ውሃው መንግሥታቱ የሚባባሉትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዛሬ እሱን አላነሳም።

ፒራሚዶቹንም አየን። ትልቁ የንጉሥ ኩፉ ነው፣ ሲሠራ 146 ሜትር ገደማ ነበር። የሚገርም ነው፣ ግን ብዙ ስለተባለለት አልፈዋለሁ። እኔን ያስቆመኝ ሳቃራ ነው፣ ካይሮ አጠገብ ያለው የጥንት መቃብር ስፍራ። ከ4000 ዓመት በላይ የሆናቸው የባለሥልጣናት መቃብሮች ግድግዳ ላይ ሰዎች ተቀርጸዋል፣ ደንገል እያጠበቁ ጀልባ ሲያስሩ። ጎንበስ ብለው፣ ገመዱን እየሳቡ። «ታንኳ!» ብዬ ጮህኩ። እዚህ ወይጦዎቹ አባቶች ደንገሉን አስረው የሚሠሩትን ታንኳ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ አሠራሩን አላጣውም።

ከዚያ አሮጌው ካይሮ። የሮማውያኑ የባቢሎን ምሽግ በር ላይ የተሠራች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች፣ በዓረብኛ «አል ሙዓለቃ» ይሏታል፣ የተንጠለጠለችው ማለት ነው። በሩ ላይ ስደርስ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ጓደኛዬ ያዘችኝ፤ እነሱ ከነጫማቸው ነው የሚገቡት። ቅዳሴው በቅብጥና በዓረብኛ ነው፣ ከበሮ የለም፣ ጸናጽል ነው የሚመታው። ምንም አልገባኝም። ድንገት ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» ሲል ግን አብሬ አልኩ። ከአባ ሰላማ ጀምሮ ለ1600 ዓመት ገደማ ጳጳስ የሚላክልን ከእስክንድርያ መንበር ነበር፤ የራሳችን ፓትርያርክ የተሾመልን በ1951 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ዘመን በትምህርት ቤት ተምሬው አልገባኝም ነበር፣ በዚያች አንዲት ቃል ገባኝ። እዚያው አጠገብ አቡ ሰርጋ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሥር እመቤታችን በስደቷ ልጇን ይዛ ያረፈችበት የሚባል ዋሻ አለ። እኛም ጣና ቂርቆስ አርፋበታለች እንላለን። የዓባይ ውሃ ከፍ ሲል ያ ዋሻ ይጥለቀለቅ እንደነበር ስሰማ፣ ይሄው ውሃ ነው እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። የግብፅ ሥልጣኔ ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። የፈርዖኖቹ አስከሬን እዚያ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2013 መጋቢት ላይ 22ቱን፣ 18 ነገሥታትና 4 ንግሥታት፣ በልዩ መኪና በሰልፍ ከታሕሪር አደባባዩ የድሮ ሙዚየም ነው ያመጧቸው። አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፣ ፎቶ ክልክል ነው። 66 ዓመት የነገሠው ዳግማዊ ራምሴስ መስታወት ውስጥ ተኝቷል። ፀጉሩ አለ። ጣቶቹ አሉ። ፊቴን ወደ ፊቱ አስጠግቼ አየሁት፣ ከዚያ ግን የሰው መኝታ ቤት ሳላንኳኳ የገባሁ መሰለኝ።

ለምን መሰላችሁ? የጣናው ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ ትዝ አለኝ። እዚያ ደሴት ላይ የእነ ይኩኖ አምላክ፣ የእነ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የእነ ፋሲለደስ አፅም አለ። ሴት ስለማይገባ አይቼ አላውቅም። ወንድሜ ሄዶ፣ መነኩሴው ዕቃ ቤቱን ከፍተው አሳይተውት፣ መጥቶ ሲነግረኝ ተናድጄ አልቅሻለሁ፤ ልጅ ነበርኩ። «እኔስ ለምን አላይም?» የሚለው ጥያቄ አሁንም አለቀቀኝም። ካይሮ ግን ትኬት ቆርጬ የፈለግኩትን ንጉሥ አየሁ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነም። ራምሴስ እኮ እንዲታይ አልተቀበረም። ሌቦች መቃብሮቹን ሲሰብሩ የገዛ አገሩ ካህናት ናቸው አስከሬኖቹን ሰብስበው፣ ደይር ኤል ባሕሪ ገደል ውስጥ የደበቋቸው፤ እ.ኤ.አ. 1881 ላይ ተገኙ። ጣና ላይም እንደዚሁ ነው፣ ጦር ሲመጣ ቅርሱን ወደ ደሴቶቹ ያሸሹት መነኮሳቱ ናቸው። አንዱ መደበቂያ ተከፈተ፣ አንዱ እስካሁን አለ። የተከፈተውን አይቼ ነው የመጣሁት።

ተመልሼ ባለፈው እሑድ እማዬን ይዤ በሞተር ጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል ወጣን። እዚያም ሴት ወደ ላይ አይወጣም። ወንዶቹ ወጡ፣ እኛ ጀልባው ላይ ቀረን። ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም፣ ዛፉ ነው የሚታየው። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ዛፉ ሦስቴ እጅ ነሳች። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም።

ከዚያ ዞር ብላ፣ «እነዚያን የግብፅ ነገሥታት አየሻቸው?» አለችኝ።

«አየኋቸው፣ እማዬ።»

«ነፍስ ይማር አልሽ?»

አላልኩም ነበር። እዚያው ጀልባው ላይ ቁጭ ብዬ አልኩ።