«ታዲያ ሽቦውስ?» ተንቀሳቃሽ ቋሚ አንቴና በሐዋሳ ሐይቅ ዳር

[ምስል፦ ሐዋሳ ሐይቅ፣ ጠዋት። ሣር ላይ የቆመ ቀጭን የብረት ዘንግ። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ አባ ኮዳ ቆሟል።]

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ ሐዋሳ ነን፣ ሐይቁ ዳር። ይሄ የምታዩት ዘንግ የዓሣ ማጥመጃ አይደለም። ይህን የምለው በምክንያት ነው። መጀመሪያ ቀን ይዤው ስወጣ አንድ አባት ጠጋ አሉና፣ «የኔ ልጅ፣ መንጠቆውን ረሳኸው እንዴ?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ ይሄ የሬዲዮ አንቴና ነው» አልኳቸው። ዘንጉን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ፣ «ታዲያ ሽቦውስ?» አሉ።

ሳቅኩ። ሽቦ የማያስፈልገው ዘመናዊ ነገር ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ከዚያ በአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ከሩቅ ሰው ጋር በአየር ላይ በምናወራበት ሬዲዮ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስጣራ ዋልኩ። አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ለካ አባባ ትክክል ነበሩ።

[ምስል፦ ካሜራው ከዘንጉ ጫፍ ቀስ ብሎ ወደ ሣሩ ይወርዳል። ሣሩ ውስጥ ዙሪያውን የተዘረጉ ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ።]

ዘንጉ ላይ ሁሉም ዓይኑን ይጥላል፤ ያምራል፣ ይረዝማል። ግን ቋሚ አንቴና፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ማለቴ ነው፣ ግማሹ መሬት ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ዘንጉ የሚሄደው በሌላ በኩል የሚመለስበት ካገኘ ብቻ ነው። መመለሻው ከሥር ያለው መሬት ነው። አፈር ደግሞ ሽቦ አይደለም። ኃይሉን ይበላል፣ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ መንገዱን እኛ እናነጥፍለታለን። ከዘንጉ ሥር ተነስተው እንደ ብስክሌት ጎማ ራጂ ዙሪያውን የሚዘረጉትን እነዚህን ሽቦዎች «ራዲያል» እንላቸዋለን።

መጀመሪያ ስለ ዘንጉ ርዝመት በአጭሩ። በጣም የምንወደው የ20 ሜትር ባንድ የሚባለው የሞገድ ክልል ነው፤ ከ14.000 እስከ 14.350 ሜጋኸርትዝ። የሞገዱ ርዝመት ወደ 21 ሜትር ይጠጋል። ዘንጉ የሱን ሩብ ያህል መሆን አለበት። ቀላሉ ስሌት 71.3ን በሜጋኸርትዙ ማካፈል ነው። ለ14.2 ሲካፈል 5.02 ሜትር ይሆናል። ለ21.2 ደግሞ 3.36። ለ28.4፣ 2.51። ዘንጉ እንደ ድሮ ሬዲዮ አንቴና የሚሳብ ከሆነ አንድ ጊዜ በሜትር ለኩና በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበት። እኔ የእህቴን ቀይ ቀለም ነው የተጠቀምኩት። እስካሁን አላወቀችም።

[ምስል፦ ሁለት አንቴናዎች ጎን ለጎን። አንዱ አጭር፣ መሃሉ ላይ ኮይል ያለው። ሌላው ረጅም።]

አሁን ወደ ሰቀቀኔ ልመለስ። ያን ቀን የያዝኩት ረጅሙን አልነበረም። 2.5 ሜትር የሚሆን፣ ኮይል ማለትም የተጠመጠመ ሽቦ ያለበት አጭር ዘንግ ነበር። ሥሩ ላይ አንድ ችካል መሬት ውስጥ ተተክሏል። ራዲያል የሚባል የለም። ሻጩ «ችካሉ ይበቃል» ብሎኝ ነበር።

ሜትሩን አየሁ። ኤስ ደብሊው አር 1.1! ይሄ ቁጥር ሬዲዮው ከአንቴናው ጋር ምን ያህል እንደተስማማ የሚያሳይ ነው፤ 1 ፍጹም ነው፣ 3 ሲሆን ሬዲዮው መቆጣት ይጀምራል። 1.1 ሳይ በደስታ ልዘል ደረስኩ። ችግሩ ሜትሩ ስምምነትን እንጂ ኃይሉ የት እንደገባ አይናገርም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፣ ግን ከእውነቱ የራቁ አይደሉም። 2.5 ሜትር ዘንግ በ20 ሜትር ባንድ ላይ ሞገድ የሚለቅበት ሬዚስታንስ ወደ 5.5 ኦም ብቻ ነው። አፈሩና ኮይሉ አንድ ላይ 40 ኦም ቢበሉ ድምሩ 45.5 ይሆናል። ሬዲዮው የሚፈልገው 50 ነው። ተጠጋ! ሜትሩ 1.1 ይላል። ግን ወደ አየር የሚወጣው ከ45.5 ውስጥ 5.5 ብቻ ነው። 12 በመቶ። ከ10 ዋት ውስጥ 1.2 ዋት ወጣ፣ የቀረው የሐዋሳን አፈርና ኮይሉን አሞቀ።

አሁን ረጅሙን ዘንግ እንውሰድ። ሩብ ሞገድ ነው፤ ሞገድ የሚለቅበት ሬዚስታንስ 36 ኦም ነው። ራዲያሎች ዘርግተን የአፈሩን ብክነት ወደ 10 አወረድነው እንበል። ድምሩ 46። ሜትሩ አሁንም 1.1 ይላል። ያው ቁጥር! ግን አሁን የሚወጣው 78 በመቶ ነው፤ 7.8 ዋት።

[ምስል፦ ሁለት ሜትሮች ጎን ለጎን፣ ሁለቱም 1.1። ከሥራቸው «1.2 ዋት» እና «7.8 ዋት» የሚል ጽሑፍ።]

ሜትራችሁ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር፣ አየር ላይ ከስድስት እጥፍ በላይ ልዩነት። ከዚህም የባሰ አለ። አጭሩን ዘንግ ይዛችሁ ራዲያል ብትጨምሩለት ብክነቱ ይቀንሳል፣ ድምሩም ይወርዳል፣ ሜትሩ ግን ይበላሻል! 40 የነበረው ብክነት 10 ቢሆን ድምሩ 15.5 ነው፤ ኤስ ደብሊው አሩ ከ3 ይበልጣል። ጀማሪ ይሄን ያይና «ሽቦው አበላሸው» ብሎ ይነቅለዋል። አትንቀሉት። አንቴናው እየተሻለ ነው፤ የሚያስፈልገው ማስማሚያ ብቻ ነው።

ስንት ሽቦ ይበቃል? ብዙ ክርክር ያለበት ጉዳይ ነው። እኔ 16 እይዛለሁ፤ እያንዳንዱ 2.5 ሜትር። በጠቅላላው 40 ሜትር ሽቦ ማለት ነው። መሬት ላይ ለሚተኛ ራዲያል ርዝመቱን በሚሊሜትር መለካት አያስፈልግም፤ አፈሩ ስለሚጫነው ለይቶ የሚስማማበት ፍሪኩዌንሲ አይኖረውም። ባላችሁ ሽቦ ጥቂት ረጅም ከምትዘረጉ ብዙ አጭር ብትዘረጉ ይሻላል። ከዜሮ ወደ አራት ስትሄዱ ለውጡ ግልጽ ነው። ከአራት ወደ አሥራ ስድስትም ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጉልበታችሁን ቆጥቡ፣ ለሽርሽር ነው የወጣነው።

ሽቦው ምንም ልዩ ነገር አይደለም። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገዛ ቀጭን፣ ልባስ ያለው የመዳብ ሽቦ ነው። አንድ ጫፉን አንድ ላይ ሰብስባችሁ ከሬዲዮው ወደ አንቴናው ከሚሄደው ኮአክስ ኬብል ውጫዊ መረብ ጋር ታገናኙታላችሁ። ሌላውን ጫፍ በድንኳን ካስማ ወይም በድንጋይ መያዝ ነው። ናስትሮም አትርሱ።

ሌላም መንገድ አለ። የአንቴናውን ሥር አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ሁለት ወይም አራት ሽቦ አየር ላይ መወጠር። እዚህ ላይ ርዝመቱ ወሳኝ ነው፤ እንደ ዘንጉ 5 ሜትር አካባቢ። ሥራው ግሩም ነው። ግን ሐይቅ ዳር፣ ሕፃናት በሚሮጡበት፣ በደረት ቁመት ሽቦ መወጠር ጠብ መፈለግ ነው። ስለዚህ እዚህ አላደርገውም።

ሽቦ ካልዘረጋችሁስ? አንቴናው ራሱ ፈልጎ ያገኛል። የኮአክሱ ውጫዊ መረብ ራዲያል ይሆናል። ሞገዱ በኬብሉ ተከትሏችሁ ወደ ሬዲዮው ይመጣል፤ ኃይሉ በዛ ካለ ማይክሮፎኑ ከንፈራችሁን ይቆነጥጣል። ኬብሉን ፌራይት ቀለበት ላይ ደጋግሞ መጠምጠም ይህን ያግደዋል።

[ምስል፦ ሐይቁ በሰፊው። ጀልባዎች፣ ከጀርባ ታቦር ተራራ።]

«ሐይቅ ዳር ስለሆንክ ሐይቁ ያግዝሃል» የሚሉኝ አሉ። ወሬው ከባህር ዳርቻ የመጣ ነው። ቋሚ አንቴና ጨው ውሃ ዳር ሲቆም በእርግጥ ተአምር ይሠራል። የባህር ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በሜትር 5 ሲመንስ አካባቢ ነው፤ መካከለኛ አፈር ግን 0.005። አንድ ሺህ እጥፍ! የሐዋሳ ሐይቅ ግን ቆሮሶ የሚጠመድበት ጨው አልባ ውሃ ነው። ከአፈር ይሻል ይሆናል እንጂ ባህር አይሆንም። ራዲያሉን ከመዘርጋት አያድናችሁም።

ታዲያ ለምን እዚህ መጣሁ? ጸጥታው ነው። ቤት ውስጥ የኤል ኢ ዲ መብራት አለ፣ የስልክ ቻርጀር አለ፣ የጎረቤት ጣሪያ ላይ የሶላር መቆጣጠሪያ አለ። ሁሉም ሬዲዮው ላይ ይጮኻሉ። ቋሚ አንቴና ደግሞ የሰፈር ጫጫታ የመልቀም አመል አለበት። ከፍቅር ሐይቅ ግርግር ራቅ ወዳለ ቦታ ስትሄዱ ጆሯችሁ ይከፈታል። ደካማ ድምፅ ይሰማል። ሌላው ደግሞ ፊት ለፊት የተከፈተ ሜዳ መኖሩ ነው። ቋሚ አንቴና ሞገዱን ከአድማስ ብዙም ከፍ ሳያደርግ ነው የሚልከው። እንደዚያ የሄደ ሞገድ አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ላይ ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። ይሄን በአግድም ሽቦ ለማግኘት 10 ሜትር ከፍታ ላይ መስቀል ይጠይቃል። በአንድ ዘንግ ይሄን ማግኘት ቀልድ አይደለም።

ግን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛችሁን ማናገር ከፈለጋችሁ ይሄ አንቴና አይሆንም። በጣም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አዲስ አበባ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በአየር ከዚያም ታንሳለች። ሞገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ እንዲወርድላችሁ ወደ አናት መላክ አለበት። ቋሚ አንቴና ደግሞ ወደ አናቱ ምንም አይልክም። አውሮፓ ይሰማችኋል፣ አምስት ኪሎ አይሰማችሁም። ለዚያ የ40 ሜትር ባንድ ላይ፣ ዛፍ ላይ ዝቅ ተደርጎ የተሰቀለ ተራ ዳይፖል፣ ማለትም ግራና ቀኝ የተዘረጋ የሽቦ አንቴና፣ ይበልጠዋል። ሁለቱንም ቦርሳ ውስጥ መያዝ ነው።

አምስት ኪሎ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያው አምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የአማተሮች ክለብ ጣቢያ መጠሪያ ኢቲ3ኤኤ ነው። በዓለም ያሉ አማተሮች የሚፈልጉት ጥሪ ነው። የእኛ አገር የጣቢያ መጠሪያ በ«ኢቲ» ይጀምራል፤ ከዚህ ብዙ ጣቢያ ስለማይሰማ ስትወጡ ይሻሙባችኋል። ግን ከመናገራችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ኮፒውን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ሽቦ ዘርግቶ የሚያወራ ሰው ጥበቃን ማሳሰቡ አይቀርም። እኔ መጀመሪያ ሄጄ ሰላም እላለሁ፣ አስረዳለሁ፣ ከዚያ ነው የምዘረጋው።

[ምስል፦ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶ።]

ደብተር ላይ ሰዓት የምንጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ለእኛ ግን ቀላል ነው። ቀን ላይ በእኛ አቆጣጠር ያለው ሰዓት ላይ 3 መጨመር ብቻ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ 5 ትጽፋላችሁ። ከቀኑ 11 ከሆነ 14። ማታና ሌሊት ከሆነ 15 መደመር ነው፤ ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ትቀንሳላችሁ። የፈረንጅ ሰዓት ውስጥ መግባት አያስፈልግም። የመገኛ ካሬያችሁን፣ ማለትም አማተሮች ቦታን የሚለዩበትን ኮድ፣ ከጠየቁ የሐዋሳው ኬጄ97 ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል። 5 ሜትር ዘንግ ይወዛወዛል። በሲባጎ ሦስት ቦታ ወጥሩት፣ በብረት ሽቦ አይሁን። ዘንጉ ቢወድቅ እንኳ የኤሌክትሪክ መስመር የማይደርስበት ቦታ ምረጡ፤ ይሄ ላይ ቀልድ የለም። ክረምት ከሆነና ነጎድጓድ ከተሰማ ነቅሎ መሄድ ነው። ስታወሩ ማንም ዘንጉን እንዳይነካ አድርጉ፤ ያቃጥላል። ራዲያሎቹ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ፣ ሰው እንዳይደናቀፍ።

[ምስል፦ እጆች ሽቦ ሲጠቀልሉ።]

ስትጨርሱ አንድ በአንድ ጠቅልሉ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ እሰሩ። አንድ ላይ ካጨቃችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ቀን የምታሳልፉት ስትፈቱ ነው። ካስማውንም ቁጠሩ፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ አለ። ባለፈው ስቆጥር ካስማው 16፣ ሽቦው 15 ሆነ። ሣሩን ዞርኩ፣ ቦርሳውን ገለበጥኩ፣ የለም። ቀና ስል ሾላው ላይ አንዲት ጦጣ ቀዩን ጨርቅ እያኘከች ታየኛለች፤ ሽቦው ከሥሯ ተንጠልጥሏል። በ15 ነው አሁን የምሠራው።