ትንሿ መኪና ምን ትሰጣለች? ምን ትነሳለች?

(ምስል፦ የትራፊክ መብራት፤ ቀይ በርቷል። አንዲት ትንሽ መኪና ከአንድ ግዙፍ ባለ ሰባት ወንበር መኪና ጎን ቆማለች።)

እነዚህን ሁለት መኪኖች እዩልኝ። ትንሿ ከነሾፌሯ አንድ ሺህ ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ትልቁ ሁለት ሺህ። አረንጓዴ ሲበራ ሁለቱም ይነሱና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። ብዙም ሳይሄዱ ሌላ ቀይ መብራት ያገኛቸዋል። ፍሬን ይይዛሉ፤ ይቆማሉ።

ያን ሁሉ ክብደት ያንቀሳቀሰው ጉልበት የት ገባ? ፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ቀረ። ትንሿ መኪና በዚህች አንዲት መቆም ብቻ ወደ 96 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ጉልበት ጥላለች። ትልቁ እጥፉን፣ 193 ገደማ። ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪኖች የተወሰነውን ወደ ባትሪያቸው ይመልሱታል። ተራው የቤንዚን መኪና ግን ምንም አይመልስም፤ ሙልጭ አድርጎ ይጥለዋል። በከተማ መንገድ ደግሞ ይህ በቀን ስንትና ስንት ጊዜ ይደጋገማል።

ስለ ቆጣቢ መኪና ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው «ስንት ሲሲ ናት?» ብለን ነው፤ የሞተሯን መጠን ማለታችን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ «ስንት ኪሎ ናት?» በሉ እላለሁ። የእነዚህ መኪኖች ጥቅማቸውም ጉዳታቸውም የሚመዘዘው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከቅለታቸው።

(ምስል፦ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፤ ኮፈኗ የተከፈተ ሚኒ።)

ትንንሽ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚወለዱት ከችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ነዳጅ የጫኑ መርከቦች በሚያልፉበት በግብፁ የስዊዝ ቦይ ቀውስ ሲነሳ እንግሊዝ ውስጥ ቤንዚን በራሽን ሆነ። ብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ መኪና እንዲሠራለት አሌክ ኢሲጎኒስ የተባለውን መሐንዲስ አዘዘ። በ1959 ሚኒ ወጣች። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

አራት ሰው እዚያ ውስጥ እንዴት ገባ? ኢሲጎኒስ ሞተሩን አዞረው። በጊዜው የአብዛኞቹ መኪኖች ሞተር ከፊት ወደ ኋላ በቁመቱ ነበር የሚቀመጠው። እሱ አግድም አስቀመጠው፤ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር ወሸቀው፤ የሚነዱትንም ጎማዎች የፊቶቹ አደረገ። ጎማዎቹ ባለ 10 ኢንች ነበሩ፤ ትንንሾች ስለሆኑ የሰው እግር ማሳረፊያ አልተሻሙም። በኋላ፣ በ1964፣ የፊያቱ ዳንቴ ጃኮዛ ይህንኑ ሐሳብ አሻሻለው፤ በአውቶቢያንኪ ፕሪሙላ ላይ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር አውጥቶ ጎኑ ላይ አደረገው። ዛሬ የአብዛኞቹን ትንንሽ መኪኖች ኮፈን ብትከፍቱ የምታገኙት የጃኮዛን አቀማመጥ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በጣም ያስደስተኛል። በሰፊ ቦታ ሰፊ መኪና መሥራትማ ማን ያቅተዋል?

ጃፓን ደግሞ ትንሽነትን በሕግ ጻፈችው። «ኬይ» የሚባለው የመኪና ምድብ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ አለ። ዛሬ በዚህ ምድብ የምትገባ መኪና ሞተሯ ከ660 ሲሲ፣ ርዝመቷ ከ3 ሜትር ከ40፣ ስፋቷ ከ1 ሜትር ከ48 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። በምላሹ ባለቤቷ ቅናሽ ያለው ግብር ይከፍላል።

(ምስል፦ የነዳጅ ማደያ፤ የሚሽከረከር የሊትር ቁጥር።)

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው እንውሰድ። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ብትፈጅ፣ በዓመት 750 ሊትር ነው። 9 ሊትር የሚፈጅ ከሆነ 1,350። ልዩነቱ 600 ሊትር። ይህን እናንተ በምትቀዱበት ዋጋ አባዙት፤ ከዚያ በአምስት ዓመት።

ቁጠባው ማደያ ላይ አያበቃም። ትንሽ ሞተር ዘይት ሲቀየርለት 3 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ባለ 13 ወይም ባለ 14 ኢንች ጎማ ከባለ 18ቱ ጋር በዋጋ አይገናኝም። ፍሬን ሸራውም ትንሽ ክብደት ስለሚያቆም ቶሎ አያልቅም።

ቦታም አለ። 3 ሜትር ከ60 የሆነች መኪና አራቷ ተሰልፋ ስትቆም፣ በመሃል ያለውን ክፍተት ሳንቆጥር፣ 4 ሜትር ከ80 የሆኑ ሦስት መኪኖች የሚይዙትን ቦታ ነው የምትይዘው። ሌሎች ሁለት ጊዜ ዞረው ጥለውት የሄዱት ክፍተት ውስጥ አንዴ ወደ ኋላ ብላ ስትገባ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጠባብ መንገድ ላይ አንዴ ጠምዝዛ መመለስም ቀላል ነገር አይደለም። ለጀማሪ ሾፌር ትልቅ እፎይታ ነው፤ አራቱም ጥግ የት እንዳለ ይታወቃል።

(ምስል፦ ረጅም ዳገት፤ ከከባድ መኪና ኋላ የምትጓዝ ትንሽ መኪና።)

እዚህ ላይ ነገሩ ይዞራል።

አንድ ጊዜ አምስት ሆነን፣ ሻንጣ ጭነን፣ በባለ ሺህ ሲሲ መኪና ረጅም ዳገት እየወጣን ነበር። የምነዳው እኔ ነኝ። ከፊታችን ተጎታች ያለው ከባድ መኪና ይንፏቀቃል። መንገዱ ክፍት ሲመስለኝ ደርቤ ልቀድመው ወጣሁ። ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ድምፁ ጨመረ፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ማርሹን ከሦስት ወደ ሁለት አወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ። የተጎታቹ የኋላ ጎማ አሁንም ከመስኮቴ ጎን ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ከላይ አንድ መኪና ብቅ አለ። ፍሬን ይዤ ወደ ረድፌ ተመለስኩ። መዳፌ በላብ መሪው ላይ ይንሸራተት ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ትንፍሽ አላሉም።

ብቻዬን ስነዳት እኮ ያቺው መኪና ፈጣን ነበረች። ምን ሆነች? ሒሳቡን ሥሩት። ባዶዋን 850 ኪሎ ናት። አምስት ሰው በ70 ኪሎ 350 ነው፤ ሻንጣው 50። በአጠቃላይ 400 ኪሎ። የራሷን ክብደት ግማሽ ያህል ተሸክማ ነው ዳገቱን የወጣችው። ሁለት ሺህ ኪሎ ለሚመዝን መኪና ያው ጭነት አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ከፍታም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። ትልቅ ሞተር ይህን ቢያጣ የተረፈው ይበቃዋል። ትንሹ ግን መጀመሪያም ትርፍ አልነበረውም።

ስለዚህ ደርቦ መቅደም በትንሽ መኪና ሌላ ስሌት ይፈልጋል። ሰው ከጫናችሁ፣ የምትፈልጉትን ርቀት በዓይናችሁ ከለካችሁ በኋላ እጥፍ አድርጉት። ማርሹን ከመውጣታችሁ በፊት ቀንሱ፤ እኔ እንዳደረግኩት መሃል መንገድ ላይ አይሁን።

ረጅም አውራ መንገድ ላይም ቆጣቢነቷ ይሳሳል። እዚያ የሚበላው የአየር ግፊት ነው እንጂ መነሳትና መቆም አይደለም። አየር ደግሞ ክብደት አይጠይቅም። ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስትጨምሩ የአየሩ መከላከል በ44 በመቶ ያድጋል። አጭርና ቁመተ ረጅም የሆነች መኪና አየር ለመሰንጠቅ የተመቸ ቅርፅ የላትም። ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪና በአጠገባችሁ ሲያልፍ መሪው እጃችሁ ላይ የሚንቀጠቀጠውም በቅለቷ ነው። ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ መግባቱንም ጨምሩበት።

(ምስል፦ የግጭት ሙከራ በዝግታ።)

ከሁሉ በላይ ልታዩት የምፈልገው ይሄኛውን ነው።

መጀመሪያ ያየናቸው ሁለቱ መኪኖች፣ ባለ አንድ ሺህና ባለ ሁለት ሺህ ኪሎው፣ ፊት ለፊት ቢጋጩ ምን ይሆናል? ሁለቱም በሰዓት 50 ይዘዋል እንበል። ተጣብቀው ሲቀሩ ትልቁ ትንሿን ይዟት ወደፊት ይሄዳል፤ በ17 ኪሎ ሜትር ገደማ። በትልቁ ውስጥ ያለው ሰው ከ50 ወደ 17 ወረደ፤ ለውጡ 33 ነው። በትንሿ ውስጥ ያለው ሰው ግን ወደፊት 50 ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ወደ ኋላ 17 ሄደ። ለውጡ 67። በዓይን ጨረፍታ ጊዜ ውስጥ እጥፍ ምት አረፈበት። ሁለቱም ሾፌሮች ጥፋታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ጉዳታቸው እኩል አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት የመድን ተቋም ይህን በተግባር አሳየ። ትንሿን ከምትበልጣት ጋር፦ ስማርትን ከመርሴዲስ ሲ ክላስ፣ ሆንዳ ፊትን ከአኮርድ፣ ቶዮታ ያሪስን ከካምሪ ጋር አጋጨ። ሁለቱም መኪኖች በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘው ነበር። ሦስቱም ትንንሾች ዝቅተኛውን ደረጃ አገኙ። ልብ በሉ፤ እነዚሁ መኪኖች ከግድግዳ መሰል መከላከያ ጋር ሲጋጩ ጥሩ ውጤት ነበራቸው። ከማይንቀሳቀስ መከላከያ ጋር የተጋጨ መኪና የሚፈተነው በራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሙከራ የተገኘ የትንሽ መኪና አምስት ኮከብና የትልቅ መኪና አምስት ኮከብ አንድ አይደሉም። ማስታወቂያ ላይ ይህን የሚነግራችሁ የለም።

ግን ደግሞ ትንሽነትንና ርካሽነትን አንቀላቅል። እ.ኤ.አ. በ2014 የመኪና ደህንነት መዛኙ ድርጅት ግሎባል ኤንካፕ ሕንድ ውስጥ የሚሸጡ ትንንሽ መኪኖችን ሲፈትሽ፣ ኤርባግ የሌላት ፎልክስዋገን ፖሎ ዜሮ ኮከብ አገኘች። ሁለት ኤርባግ የተገጠመላት ያችው ፖሎ አራት አገኘች። ርዝመቷ አልተቀየረም፤ ኮፈኗም ያው ነው። ሰውን ከሞት የሚለየው አንዳንዴ ከዋጋ ለመቀነስ የተነሳ አንድ ዕቃ ነው። ይህ ያናድደኛል፤ ቢያናድደኝም አይፈረድብኝም። ስለዚህ ሻጩን ስለ ሬዲዮው ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ኤርባግ እንዳላት፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ እንዳላት ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት የመንሸራተት መቆጣጠሪያን በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራች ወይም ለአውሮፓ ገበያ ያልተሠራች ከሆነች ግን በየሞዴሉ ይለያያልና ማረጋገጥ ግድ ነው።

(ምስል፦ የቤተሰብ አባላት ወደ ትንሽ መኪና ሲገቡ።)

እንግዲህ ለማን ትሆናለች? አብዛኛው መንገዱ ከተማ ውስጥ ለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ለሚሄድ ሰው ያለ ጥርጥር እመክራለሁ። በዓመት አንድ ሁለቴ ሩቅ የሚሄድም ቀስ ብሎ ይሄድባታል። በየሳምንቱ አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣና ከከባድ መኪኖች ጋር ለሚጋፋ ግን አልመክርም። እሱ ነዳጅ ላይ የሚያተርፈውን በሞተሩና በፍሪሲዮኑ ይከፍለዋል።

ልትገዙ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። ሁልጊዜ አብረዋችሁ የሚሄዱትን ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ። ሁላችሁም ግቡ። ኤሲውን ክፈቱ፤ ዳገት ፈልጉ። መሃሉ ላይ ቁሙና በእጅ ፍሬን ያዟት፤ ከዚያ ተነሱ። አስተማማኝ ሆና ከወጣች ጥሩ። ስትመለሱ ደግሞ አቁሟትና ዞር በሉ፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ጭንቅላት ከኋላው መስታወት ስንት ጣት እንደሚርቅ እዩ። የጭንቅላት መደገፊያ አለው? ቀበቶውስ ለሦስቱም ይሠራል? እያንዳንዱን ስባችሁ ቆልፉት።